የቀረችውን አንጠይቅም

ጥቅምት 3

ሊቀመንበር የሌለው ማኅበር ሊቀመንበር ለሆንሽው፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። መልስ በማዘግየቴ አትቀየሚኝ። ይህን የምጽፍልሽ ከፊዚዮቴራፒው ክፍል ደጃፍ፣ አንድ እግሩ ያጠረ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። አማቴን ወደ ውስጥ አስገብተዋቸዋል፤ ሲጨርሱ ይጠሩኛል። ደውይልኝ እያልሽ የምትነዘንዢኝ ነገር አይሆንም። አማቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዕድሜያቸውን በስልክ ማዞሪያ ቤት የጨረሱ ሴት ናቸው። ቤታችን ውስጥ ስልክ ከጮኸ፣ ቀኝ ጎናቸው ባይታዘዝላቸውም በግራው ቀና ብለው "ማነው? ማንን ፈልጎ ነው?" ሳይሉ አያልፉም። ከዚያ በኋላ ያለውን ወሬ ሁሉ ሦስት ሆነን ነው የምናወራው። ደብዳቤ ይሻላል፤ ቢያንስ አይጮህም።

ለጥያቄዎችሽ በሙሉ መልሴ አዎ ነው። አዎ፣ እመጣለሁ። አዎ፣ ጽሑፉ አልቋል። አዎ፣ ለጽሕፈት ዓመቱ አመልክቻለሁ። ማዕከላችሁ ውስጥ ያለችውን ያችን ክፍል፣ ጠረጴዛዋን፣ በሯን፣ በተለይ በሯን፣ በዓይነ ሕሊናዬ ሳያት ነው የምውለው። አንድ ዓመት ሙሉ ደመወዝ እየተከፈለኝ መጽሐፌን ብቻ! ጉባኤው ላይ አንብባ መራጮቹን ያስደሰተች ታገኘዋለች ብለሽኛል፤ እንግዲህ አንብቤ አስደስታቸዋለሁ። ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ እንዳትይኝ። ከርሞ የለኝም። ሴቶች ጊዜ እንደሌላቸው የምጽፍበት ጊዜ ሳጣ ይኸው ጸጉሬ ሸበተ።

ጽሑፉ በሽተኛ ስለሚያስታምሙ ሴቶች ነው። ማን ያጥባል፣ ማን ያገላብጣል፣ ይህስ ለምን እንደ ሥራ አይቆጠርም የሚለውን ነገር ነው የያዘው። አንደኛውና ሁለተኛው ክፍል የምሁር ቋንቋ ነው፤ ያው ታውቂዋለሽ፣ እኔም ደግሜ ሳነበው ያዛጋኛል። ሦስተኛውን ክፍል ግን ሳታለቅሺ ከሰማሽው ምሳ እጋብዝሻለሁ።

አማቴን አራቱን ቀን የምትይዝልኝ ሴት አግኝቻለሁ። ጎረቤታችን ናት፤ ክንዷ ጠንካራ ነው፣ ወሬም ትችልበታለች። እሳቸውም ወደዋታል። ጠሩኝ፣ ልሂድ።

ቀለሜሽ


ጥቅምት 14

ውዴ፣

አልመጣም። በዚህ መጀመሬን ይቅር በይኝ፤ ሌላ መጀመሪያ ቢጠፋኝ ነው።

ጎረቤታችን እናቷ ታመሙባት። ዛሬ ጠዋት በራችንን አንኳኩታ ነገረችንና እዚያው ወደ እናቷ ሄደች። የእኔን በሽተኛ ልታስታምም የነበረችው ሴት የራሷን በሽተኛ ልታስታምም ሄደች ማለት ነው። ጊዜ ቢኖረኝ አንድ ጥሩ አንቀጽ ይወጣው ነበር።

ደግነቱ ባለቤቴ ካለፈው ዓመት የተረፈ ፈቃድ ነበረውና ሳምንቱን እረፍት ላይ ነው። ጽሑፉንም ይህን ደብዳቤም ይዞልኝ ይመጣል፤ ቲኬቱም ከሚባክን። እንደምታውቂው ስታትስቲክስ አስተማሪ ቢሆንም ድምፁ ጥሩ ነው፣ ሰው ፊትም አይርበተበትም። አንቺ "አጋራችን" እያልሽ ብታሾፊበትም ሰልፍ በተጠራ ቁጥር የመፈክሩን ጨርቅ ከፊት ይዞ የሚቆመው እሱ ነው።

ማብራሪያ እንዳትጠይቁኝ። ደንቡን ዶርም ውስጥ ሁለት አልጋ ላይ ተኮልኩለን ያወጣነው እኔና አንቺ ነን። ያቺ የላብራቶሪ ተማሪ ትዝ ትልሻለች? ስብሰባ ቀርታ ቀርታ ስትመጣ፣ ለምን ቀረሽ ብለን በሰው ፊት አፋጠጥናት። ተነሥታ ወጣች፣ ዳግመኛም ዓይኗን አላየነውም። ፅንስ ወርዶባት እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የቀረችውን ለምን ቀረሽ አንልም፤ ምክንያቷንም ሌላ ሰው አይናገርላትም፤ ቃሏን በላከችው ሰው አፍ እንሰማለን። ማኅበራችን ከዚህ የተሻለ ነገር የሠራ አይመስለኝም። ይኸው ዛሬ ለእኔም ደረሰልኝ።

ለማዕከላችሁ ዳይሬክተር ይቅርታዬን አድርሺልኝ። ከራሷ አፍ ብሰማው ኖሮ እንዳትል ብቻ።

ቀለሜሽ


ጥቅምት 25

ቀለሜ፣

እንዴት ነሽ? አማትሽ እማማስ እንዴት ናቸው? ወገብሽንስ ተሻለሽ? ይቅርታሽን ለዳይሬክተሯ አድርሻለሁ። "ምንም አይደል፣ ምንም አይደል" አለች፣ እየተጣደፈች።

የምትጠይቂኝን ስለማውቅ ሁሉንም በተራ ልመልስ። በሰዓቱ ደርሷል። አዎ፣ ያን ሐምራዊ ክራባቱን አድርጎ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ወንበር ከቢሮ አስመጥተናል። አንደኛውና ሁለተኛው ክፍል ሲነበብ ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች ስልካቸውን ይነካኩ ነበር፤ አይክፋሽ፣ እኔ ስናገርም ይነካካሉ። ሦስተኛው ላይ ግን ጸጥ አለ። ያቺ ስም የሌላት አሮጊት፣ ልጇ ላይ የፈላ ውሃ ሊገለበጥ ሲል ጀርባዋን ሰጥታ የተቃጠለችው፣ ጠባሳውን ለማንም ሳታሳይ አርጅታ፣ ታማ ስትወድቅ የምታጥባት ሴት ብቻ ያየችባት። "ልጇ እስከ ዛሬ አያውቅም" የሚለው ላይ ሲደርስ አጋራችን ድምፁ ተቆረጠ። ውሃ ጠጣ፤ ቀጠለ፤ እንደገና ተቆረጠ። እኔም አልቅሻለሁ፤ ምሳ የለብሽም። ዳይሬክተሯማ መነጽሯን አውልቃ ነበር።

ጥያቄ ተጠየቀ ወይ ካልሽኝ፣ ተጠይቋል። አንዲት ልጅ "ያቺ ሴት ማናት? አሁንስ እንዴት ናት?" አለችው። ቀጥ ብሎ ቆሞ "የጥናት ሥነ ምግባር ማንነት መግለጽ አይፈቅድም" አላት። አጨበጨቡለት። ሌላዋ ደግሞ ወንድ ሆኖ ይህ ነገር እንዴት እንደገባው ጠየቀችው። "እኛ ቤትም በሽተኛ አለ" አለ። እኛ ቤት! እኔ መድረኩ ላይ ተቀምጬ ስብሰባውን እየመራሁ የውሃዬን ጠርሙስ ክዳን ስከፍትና ስዘጋ ነበር። አንቺ ለምን እንዳልመጣሽ አንድም ሰው አልጠየቀም። ደንባችን ነዋ።

ሌላው እንደነበረው ነው። ማኅበሩ ውስጥ ወንዶች አባል ይሁኑ አይሁኑ በሚል ወጣቶቹና እኛ አንጋፋዎቹ ተኳርፈናል፤ አንጋፋ መባሌን የሰማሁት ከዚያው ከኩርፊያው ነው። የሴቶች ቀን ገና ወራት ይቀሩታል፣ አንድ ባንክ ግን ከወዲሁ ጥሪ ልኮልናል። ከዕጣው ማውጣትና ከኬክ ቆረሳው መካከል አሥር ደቂቃ የምትናገር አንዲት ጠንካራ ሴት ላኩልን ይላል። ጠንካራ ሴት አልቆብናል፣ የቀረነው የደከምነው ነን ብዬ ልጻፍላቸው?

ሌላም የምነግርሽ ነገር ነበረኝ፤ ይቆየኝ። ባለቤትሽ ደህና ገባ? ምን አለሽ?

ያንቺው


ኅዳር 4

ውዴ፣

ደህና ገብቷል። ደክሞት ነበር፤ ገላውን ታጠበ፣ በላ፣ ተኛ። ምን አለሽ ላልሽው፣ አዳራሹ ሞልቶ ነበር አለ፣ አንቺም ከስተሻል አለ። እውነት ነው? በሞቴ ምግብ ብዪ።

እማማ ደህና ናቸው፤ በግራ እጃቸው ማንኪያ መያዝ ጀምረዋል። ሾርባው ግማሹ ደረታቸው ላይ ይቀራል፤ ግን ላጉርስዎ ስላቸው ይቆጣሉ፣ ቁጣቸውም ደስ ይለኛል። ንግግራቸው እንደዚያው ነው፤ ቃል ከአፋቸው የሚወጣው አንድ በአንድ፣ ተፈልጎ ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ ተሻሽለዋል ይላል። ይህ ሰው ተሻሽለዋል የማይለው ሰው የለም፤ ባለፈው እኔንም ወገቤን ነክቶ ተሻሽሏል ብሎኛል።

ወደ ሥራዬ ልምጣ። የማርመው ወረቀት ቁልል ከአማቴ መድኃኒት ጎን ተቀምጦ ያየኛል። ክፍል ውስጥ የገጠመኝን ልንገርሽ። ስለ ቤት ውስጥ የሥራ ክፍፍል እያስተማርኩ አንዲት ተማሪ፣ ከልቧ ለማወቅ እንጂ ለተንኮል አይደለም፣ "መምህር፣ እናንተ ቤትስ እንዴት ነው የምትከፋፈሉት?" አለችኝ። ተማሪው ሳቀ። እኔም ሳቅኩና ወደ ትምህርታችን እንመለስ አልኩ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ልጽፍ የነበረውን ረሳሁት። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ጠመኔ ይዤ ቆምኩ። ያሰብኩ መስሏቸው በትዕግሥት ጠበቁኝ።

የጽሕፈት ዓመቱ ውጤት መቼ ነው የሚነገረው? ከተሳካ ለእማማ ሰው ከአሁኑ ማፈላለግ ስላለብኝ ነው። ካልተሳካም ካልተሳካ ነው። ብቻ አታለባብሺብኝ፣ ቁርጡን ንገሪኝ።

ቀለሜሽ


ኅዳር 13

ቀለሜ፣

ይህን ደብዳቤ ለመጀመር ቢሮ ውስጥ ያለውን እስክሪብቶ ሁሉ ሞክሬ አይጽፍም እያልኩ ወርውሬያለሁ። እስክሪብቶው ምን አጠፋ።

ቁርጡን ንገሪኝ አልሽ። ቁርጡ ይኸው፤ ዓመቱ ተሰጥቷል፣ የተሰጠውም ለባለቤትሽ ነው።

ጉባኤው እንዳበቃ መራጮቹ ለብቻችን ስንቀመጥ፣ ሐሳቡን ያመጣችው ዳይሬክተሯ ናት። "ይህንን ነገር እኛ ሴቶቹ ስንናገረው ስንት ዘመናችን ነው? ማን ሰማን? እሱ ሲናገረው ግን አዳራሹን አይታችሁታል" አለች። ማመልከቻው በእሷ ስም ነው፣ ጽሑፉም የእሷ ነው አልኩ። "የባልና ሚስት ሥራ ነው፤ ተማክረው ነው የላኩት። ብትፈልገው ኖሮ ትመጣ ነበር" አለች ሌላዋ። ደሜ ፈላ። ሰውየው ራሱ ቤታችን በሽተኛ አለ ብሎ በማይክራፎን ነግሯቸዋል። በሽተኛዋ እዚያ ናት፣ እሱ እዚህ ነው፤ ታዲያ በሽተኛዋ ከማን ጋር ናት? ይህን ለመደመር ስታትስቲክስ መማር ያስፈልጋል?

ልናገር አፌን ስከፍት፣ ያቺ ጥያቄ የጠየቀችው ልጅ፣ ደንቡን ከእኛ በላይ የምታውቀው፣ "የቀረችውን ሴት ምክንያት ሌላ ሰው አይናገርላትም" አለችኝ። በክብር ነው ያለችኝ፤ አንቺን የጠበቀችልሽ መስሏት ነው። እኛው አይደለን ያስተማርናት? አፌን ዘጋሁ። ድምፅ ተሰጠ፤ ከእኔ በቀር ሁሉም እጁን አወጣ።

እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብዬ የቆየሁት እሱ ራሱ ይንገራት ብዬ ነው። ነግሮሽ ይሆን? ፊርማውን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እየጠበቁ ነው፤ ከጥር ጀምሮ ክፍሉ የእሱ ነው። ሄጄ አየሁት። ጠረጴዛውን ወልውለውታል።

ስደቢኝ። ተናደጂ። ምን እንደምትመልሺለት ንገሪኝ።

ያንቺው


ኅዳር 20

ውዴ፣

አልሰድብሽም። አውቅ ነበር። የነገረኝ የመጣ ዕለት ነው። የአማቴን አንሶላ እየጨመቅኩ ነበር፣ አንዱን ጫፍ ያዝልኝ አልኩት፤ ይዞ እየጨመቀ በደስታ ነገረኝ። አንቺን ደግሜ የጠየቅኩሽ እሱ ተሳስቶ ሰምቶ ከሆነ ብዬ ነው። ቁጥር አይስትም እንጂ ሰው የተናገረውን ነገር ብዙ ጊዜ ይስታል።

ተናደጂ ላልሽኝ፣ አልተናደድኩም። መናደድም አቅም ይፈልጋል። ደክሞኛል ብል ይቀላል፤ ግን ይህን ቃል በየቀኑ ስለምለው እኔም አልሰማውም። ክፉ ሰው አይደለም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! ለሁለታችን ያመጣው ነው የሚመስለው። ዕቅድም አውጥቷል፤ ሦስታችንም እንመጣለን። ለማዕከሉ ቅርብ የሆነ ቤት ይከራያል፤ እኔ ያለ ደመወዝ ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ እማማን እዚያው አስታምማለሁ፤ ቀን እሱ ይጽፋል፣ ማታ እኔ አርምለታለሁ። አብረን እንጽፈዋለን ይላል። ምስጋናው ገጽ ላይ የመጀመሪያው ስም የእኔ እንደሚሆን ቃል ገብቶልኛል።

ያለ ደመወዝ ስለሚሠራ ሥራ የሚተርክ መጽሐፍ፣ ያለ ደመወዝ ተሠርቶለት! ሳቄ መጣ፣ ሳቅኩ። አብሮኝ ሳቀ። ምን እንዳሳቀኝ ግን አልጠየቀኝም።

ምን ትመልሺለታለሽ ላልሽው፣ እሺ ልለው ነው። ቢያንስ መጽሐፉ ይወጣል። ቢያንስ አንቺ ካለሽበት እሆናለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ትይልኛለሽ። ስም ምን ያደርግልኛል? በስሜ የወጣውን ጽሑፍ ሁሉ ያነበቡት ፈተና ያለባቸው ተማሪዎች ናቸው። አትቆጪኝ በሞቴ። አሁን የሚቆጣኝን ሰው የምችልበት ትከሻ የለኝም።

ቀለሜሽ


ኅዳር 26

ቀለሜ፣

ዛሬ ሰላምታም ይቅርታም የለኝም። ስብሰባ ላይ አይደለንም፣ ማንም አይሰማንም። ደንቡን ያወጣነው እኔና አንቺ ስለሆንን እኔው ላፍርሰው።

የጥቅምት አሥራ አራቱን ደብዳቤሽን አውጥቼ አነበብኩት። ጎረቤታችሁ እንደማትመጣ ጽፈሻል። ባለቤትሽ እረፍት ላይ እንደሆነም ጽፈሻል፣ "ደግነቱ" ብለሽ። ሁለቱ ተከታትለው የተጻፉ አንቀጾች ናቸው። አንቺ ጽፈሽው አላየሽውም፤ እኔም ያኔ አንብቤው አላየሁትም።

ለምን ቀረሽ?


ታኅሣሥ 19

ውዴ፣

ይህን ያህል ዝም ስልሽ የተቀየምኩሽ መስሎሽ ይሆናል። አልተቀየምኩሽም። ያልሽኝን ነገር መመለስ ከየት እንደሚጀመር ጠፍቶኝ ነው።

ደብዳቤሽን የከፈትኩት ያው ፊዚዮቴራፒ ደጃፍ፣ ያው እግሩ ያጠረ ወንበር ላይ ነው። ተራችን አልደረሰም ነበርና አማቴ በተሽከርካሪ ወንበራቸው አጠገቤ ነበሩ። ስደጋግመው አይተው "ማነው?" አሉ። ጓደኛዬ ናት አልኳቸው። "ማንን ፈልጋ ነው?" እኔን አልኳቸው። "ምን አለችሽ?" ልዋሻቸው ነበር። ግን ውሸትም ሥራ ነው፣ የዚያን ቀን ደግሞ ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

"ለምን ቀረሽ ትለኛለች" አልኳቸው።

ከዚያ መልሱን ለእሳቸው መስጠት ጀመርኩ፤ እኔም የሰማሁት ያኔ ነው። ማንም አልከለከለኝም። ለማስረዳት የሚያስቸግረኝ ይሄ ነው። የዚያን ጠዋት ሻንጣዬ በር ላይ ነበር። ጎረቤታችን ነግራን ስትሄድ እሱ "እንግዲህ እማዬን ማን ያጥባታል?" አለ። ክፋት የለውም፣ ጥያቄ ነው። ወደኔ እንኳ አላየም። እኔም ወደ እሱ አላየሁም። ሻንጣውን ወደ ውስጥ መለስኩት፤ እጄ ነው የመለሰው፣ እኔ አላሰብኩበትም። እሱ ፈቃድ ይዞ፣ ሁለት ጤነኛ እጅ ይዞ ፊቴ ቆሟል። እኔ ስለዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ የጀመርኩ ሴት ነኝ! እሱ ቢቀርስ ብሎ ያሰበ ሰው ግን ቤቱ ውስጥ አልነበረም። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ፤ ለዚህ ነው የዘገየሁብሽ።

አማቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና በግራ ጉንጫቸው ሳቁ። "እኔስ?" አሉ።

"እርስዎ ምን?"

"እኔን... ማን... ጠየቀኝ?"

እውነታቸውን ነው። ሐኪም ጠይቀናል፣ ጎረቤት ጠይቀናል፤ ገላው የእሳቸው ሆኖ ሳለ እሳቸውን የጠየቀ የለም። ጽሑፌንም ሄጄ አገላበጥኩት። አጣቢዎቹን ሁሉ አነጋግሬያለሁ። ከታጣቢዎቹ ግን የገባችው አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ሳልጠይቃት የነገረችኝ፣ ስሜን ብቻ አትጻፊው ብላ።

እሑድ ምሳ ላይ ባለቤቴ ሊከራየው ያሰበውን ቤት ፎቶ ያሳየናል። አማቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "እኔ አልሄድም" አሉ። እሱ ሳቀ፤ "እማዬ፣ ታዲያ ብቻሽን ልትቀሪ ነው?" አላቸው። "እሷ... ትሂድ። አንተ... ቅር።" ጉሮሮው እስኪደርቅ ብዙ ነገር ተናገረ፤ ስለ ማዕከሉ፣ ስለ ፊርማው፣ በመጨረሻ ግን ወደ ነገሩ መጣ። "እማዬ፣ አንቺን ማጠብ አለ እኮ! እኔ ወንድ ልጅሽ ነኝ። ነውር ነው።" አማቴ ዝም አሉ። የተቆጡ መሰለኝ፣ ለካ ቃሉ እስኪመጣላቸው ነው።

"አንተን... ሳጥብ... ወንድ... አልነበርክም?"

ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ሰሞኑን ቤታችን ውስጥ ይሰማ የነበረው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። አማቴ ደስተኛ ነበሩ ብልሽ አታምኚኝም። እኔ ግን ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

አሁን ወሬው ይኸውልሽ። ለዳይሬክተሯ ጽፏል። ቦታውን እንደማይቀበል፣ ጽሑፉ የእኔ ብቻ እንደሆነ፣ እኔ የቀረሁትም እሱ መቅረት እንደሚችል ስላላሰበ እንደሆነ ነግሯታል። ይቺን የመጨረሻዋን እኔ አላጻፍኩትም። እሷም መልሳለች፤ እንግዲያው ራሷ መጥታ ታንብብና እናያለን ብላለች። እናያለን! ከዚህ ሁሉ በኋላ እናያለን። ይሁን፣ አነባለሁ። ጥር ሁለት ተነሥቼ እመጣለሁ። ክፍሉን ቢሰጡኝ በሩን ዘግቼ መጀመሪያ የማደርገው መተኛት ነው። ባይሰጡኝም አንቺ ዘንድ ሶፋ አለ፣ ከዚያ አልነሣም፤ ዓመቴን ወስጄዋለሁ።

ደንቡንም እንነጋገርበታለን። አይጥፋ፤ ያቺ የላብራቶሪ ልጅ ትዝ ስትለኝ ዛሬም ፊቴ ይግላል። በሰው ፊት አንጠይቅ። ግን የቀረችው ሴት ቤት ሄደን፣ በሯን አንኳኩተን፣ አንዳችን እንጠይቃት።

ባለቤቴን ምን ሐሳቡን አስለወጠው ብለሽ እንደምትጽፊልኝ ስለማውቅ ለመጨረሻ ያቆየሁትን ልንገርሽ። አንድ ጠዋት ውሃ አሙቄ ስነሣ ወገቤ ያዘኝና የውሃውን ሳፋ ይዤ ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ከእጄ ተቀበለኝ። "አሳይኝ" አለ። ውሃውን በክንድህ ሞክረው፣ ሳሙና አታብዛ፣ ስታለብሳቸው የታመመው እጅ ይቅደም አልኩት። ገብቶ በሩን ዘጋ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ባዶ እጄን ቆምኩ፤ ምን እንደማደርግበት ጠፋኝ። የውሃ ድምፅ ሰማሁ፣ አማቴ ሲስቁ ሰማሁ፣ ከዚያ ለረዥም ጊዜ ምንም አልሰማሁም።

ሲወጣ እጅጌው እስከ ክርኑ ርሷል። ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ጀርባዋ ላይ ጠባሳ አለ" አለኝ። "ምንድነው ስላት ውሃ ነው አለችኝ። አንተ ትንሽ ልጅ ነበርክ አለችኝ።" እጁን አየ። "አንቺ ታውቂ ነበር?"

"ሦስተኛው ክፍል ላይ አለ" አልኩት። "ያነበብከው አንተ ነህ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ የሚያሞቀው እሱ ነው።

ቀለሜሽ